ያልተቆጠረችው ፕሮቲን

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን 2081 ዓ.ም. ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሉባባ እንድሪስ በር ቢጫ ሆነ።

ሉባባ ራሷ አላየችውም። የበሩ መብራት የሚታየው ከውጭ በኩል ነው፤ የተሠራው ጎረቤት እንዲያውቅ ነው። ያየው ባሏ አወል ነበር። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በሩን ሊዘጋ ዞር ሲል እጁ መዝጊያው ላይ ቀረ። ዳቦውን ትቶ ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለችው።

«እስቲ መቀነቱን ፈትተሽ ድገሚው።»

ፈታ ደገመችው። መቀነት የሚለውን ስም ያወጣለት ሰዉ ነው፤ በፅንስ ክትትል ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው። ያረገዘች ሁሉ ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየማለዳው እህል ሳትቀምስ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታስረዋለች። እስከ አርባ እየቆጠረች ትንፋሿን ዝግ ታደርጋለች። መቀነቱ አንዴ ይሞቅና ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ በሩም፣ ሱቁም፣ አሳንሰሩም፣ መሥሪያ ቤቷም ስለ ሆዷ የሚያውቁትን ያውቃሉ።

አወል ወጥቶ አየ። «ያው ነው» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

ሉባባ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ተቆጣጣሪ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የትኛው ባቡር በየትኛው ሐዲድ እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ያኔ በሩ ቢጫ ሳይሆን በቀጥታ ቀይ ሆነና በሳምንቱ ሁሉም ነገር አበቃ። ስለዚያ ሁለቱም አያወሩም።

የዚያን ቀን ጠዋት አሳንሰሩ ሳትጠራው ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ ጠበቃት። ሱቁ ቡናና ለስላሳ አልሸጥልሽም አላት። ትናንት «ሉባባዬ፣ እንዴት አደራችሁ?» እያሉ ሆዷን ይዳብሱ የነበሩት የአሥረኛ ፎቅ ሴትዮ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አለፉ። በቢጫ በር ላይ አይንኳኳም፤ ምግብም አይላክም፤ እንኳን ደስ ያለሽም አይባልም። ይህን ያወጣ ሕግ የለም፤ ሰዉ ራሱ ያመጣው ነው።

ጣቢያው ደርሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ስክሪኑ አልተከፈተላትም። የቢጫ እናት ባቡር አታስተናብርም። ምድር ቤት አወረዷትና የጠፋ ዕቃ ለሚጠይቁ መንገደኞች መልስ እንድትሰጥ አደረጓት። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ጃንጥላና አንድ የሕፃን ጫማ ለባለቤቶቻቸው አስረከበች።

አዋላጇ ሲስተር ዘቢደር ከሰዓት በኋላ ቤት መጡ። ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

«ኤዝሪኑ ዝቅ ብሏል» አሉ። «ከመቶ አሥራ ሁለት ነው።»

«ኤዝሪን ምንድን ነው?» አለ አወል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቁጥር ሲሰማ ወደፊት ጠጋ ይላል።

«ፕሮቲን ነው። የሴሉን ሽፋን ከውስጥ ካለው አጽም ጋር የሚያያይዝ። እሱ ከሌለ የሕፃኑ አንጀት ልሙጥ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ይወለዳል፣ ጡትም ይጠባል፣ ግን የጠባው አይደርሰውም።» ሲስተር ዘቢደር ወደ ሉባባ ዞሩ። «ጥቅምት ሃያ ስድስት መርፌ ተይዞልሻል። መርፌው ኤዝሪኑን ይተካዋል። ከመቶ ሰማንያ ዘጠኙ ደህና ይሆናሉ።»

«የቀሩትስ?» አለች ሉባባ።

«የቀሩት ላይ ይጠነክራል። ሴሎቹ ከልክ በላይ ታስረው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ፅንስ ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚሠራው።»

ሉባባ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አየችው። አንድ ቁጥርና አንድ ቀለም ብቻ ነው ያለበት።

«አይታችሁታል?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑን?»

«አንጀቱን ነዋ። ልሙጥ መሆኑን አይታችኋል ወይስ ያያችሁት ቁጥሩን ነው?»

ሲስተር ዘቢደር ወረቀቱን አየት አደረጉት። «ቁጥሩን» አሉ።

«እኛ ጋ ስክሪኑ ሐዲዱ ተይዟል ብሎ ባቡሩ ካልታየን፣ ሰው በእግሩ እንልካለን። ሄዶ ያየዋል። አንዳንዴ እውነትም ባቡር ቆሞበት ይገኛል። አንዳንዴ የምልክቱ ሽቦ ዝጎ ነው። ሳያይ የሚወስን ሰው ግን እኛ ዘንድ አይሠራም።»

አወል ተነሣ። «ሉባባ፣ ይሄ ባቡር አይደለም» አለ። «አሥራ አራት ቀን ነው የሰጡን። ያለፈውን ረሳሽው እንዴ? ያኔም ቆይ እንይ ብለን ነበር።»

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያውስ ይወጉሽ። ሰማንያ ዘጠኝ ጥሩ ቁጥር ነው።»

«ልጃችን አሥራ አንዱ ውስጥ ቢሆንስ?»

አወል መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ሲስተር ዘቢደር ወንበራቸውን ወደ ሉባባ አስጠጉ።

«ምስሉ አለ» አሉ። «መቀነቱ በየቀኑ ያነሣል። ቀለሙ ስለሚበቃ ማንም አይከፍተውም እንጂ። እናቲቱ በጽሑፍ ከጠየቀች ይሰጣታል የሚል አንቀጽ አለ፤ እኔ ጠይቆ የወሰደ ግን አላየሁም።»

በማግስቱ ሉባባ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ ማመልከቻ አስገባች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለምን ፈለግሽው?» አለቻት፤ በክፋት አልነበረም፤ በእርግጥ አልገባትም። «ላየው ነዋ» አለች ሉባባ። ሠራተኛዋ የሚሞላውን ቅጽ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገብታ ሃያ ደቂቃ ቆየች።

ምስሉ የተላከው ጥቅምት ሃያ ነው። አራት ሺህ ሁለት መቶ ምስል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፈቱት። ግራጫ ደመና ይመስላል፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ መስመር አለው። አወል አንዱን ምስል ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆይቶ፣ «ይሄ እግር ነው?» አለ። ሉባባ አላወቀችም። ሲስተር ዘቢደር ሲደወልላቸውም እሳቸውም አላወቁም። «እኛ ቀለም ነው የተማርነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ሐይቅ ከተማ አንዲት ሴት አሉ፤ ዓሣ ነው የሚያሳድጉት። ፅንስ በዓይን ማየት የሚያውቅ የቀረ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው» አሉ።

ጥቅምት ሃያ አንድ ጠዋት በሁለት ሰዓቱ ባቡር ሐይቅ ሄዱ። አወል አብሮ የሄደው አምኖ አይደለም፤ ብቻዋን እንድትሄድ ስላልፈለገ ነው። መንገዱን ሙሉ የእሷን ቦርሳ ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ።

የዓሣ ምርምር ጣቢያው ውሃው ዳር ያለ ዝቅተኛ ቤት ነው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የመስታወት ገንዳ ተደርድሮበታል። ዶክተር እንግዳወርቅ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አጭር፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው የረጠበ። ሉባባ ጉዳዩን ስትነግራቸው አላቋረጧትም። ስትጨርስ እጃቸውን አደራርቀው ወንበር ሳቡላት።

«ያንቺን ከማየቴ በፊት አንቺ እዪ» አሏትና ማጉያ መነፅሩ ላይ አስጎነበሷት።

ከሥሩ የዓሣ ፅንስ ነበር። ዕድሜው ሁለት ቀን ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ። ልቡ ሲመታ ይታያል። ከልቡ በስተኋላ አንድ ቀጭን መስመር ይሄዳል።

«ያ መስመር አንጀቱ ነው» አሉ ዶክተር እንግዳወርቅ ከጀርባዋ። «እያንዳንዱ ሴል ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ አጽም አለው፤ የክር አጽም ነው፣ ይሠራል ይፈርሳል። ድንኳን አስቢ። ሸራው ከምሰሶው ጋር ካልታሰረ ነፋስ ይወስደዋል። እነዚህ ፕሮቲኖች በአንድ እጃቸው ሸራውን፣ በሌላው ምሰሶውን የሚይዙ ናቸው። አንጀት ምግብ የሚቀበልበት ጣት የሚያወጣው እነሱ ሲይዙለት ነው። ታዲያ ሁልጊዜ አይዙም። ሴሉ ቦታ መቀየር ሲፈልግ ይለቁታል፣ ሲደርስ መልሰው ይይዙታል። ሁልጊዜ ከያዙም ችግር ነው።»

«መርፌው እንደሱ ያደርጋል?»

«መርፌው ለሚያስፈልገው ሕይወት ነው። የማያስፈልገውን ግን ድርብ ያስረዋል። እስቲ ምስሉን ስጪኝ።»

ዶክተር እንግዳወርቅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምረው ማየት ያዙ። አንድ በአንድ ነው የሚያዩት፤ አንዳንዱን አልፈው ይሄዱና ተመልሰው ይመጣሉ። ሉባባ ከገንዳዎቹ ፊት ተቀምጣ ጠበቀች። አወል ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንድ ጊዜ ዶክተሯ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰምታ ሉባባ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ እሳቸው ግን የመጠጡት መነፅራቸው ስለቆሸሸ ኖሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ።

«ጣት አለው» አሉ።

ሉባባ ቃሉ በደንብ አልገባትም። «የእጅ ጣት?»

«የአንጀት ጣት። ነይ እዪው። ይሄ ግድግዳው ነው። በአሥረኛው ሳምንት ልሙጥ ነበር። እዚህ ደግሞ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። እዪ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ይሄ ሦስት… ግድግዳው ሁሉ በቅሏል።»

ሉባባ አየች። ግራጫው ደመና ውስጥ፣ ሲያሳዩዋት ብቻ የሚታዩ፣ ገና ከመሬት ብቅ ያሉ ቡቃያ የሚመስሉ ነገሮች ነበሩ። አወል ከበሩ ሮጦ መጣና በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ። መዳፉን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ታዲያ ኤዝሪኑ አሥራ ሁለት ከሆነ» አለ በመጨረሻ፣ «ማን ነው የያዘለት?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አሉ ዶክተሯ። «ሰው ሳያስር ድንኳን አይቆምም። ደም ስጪኝ፤ የፅንሱ ሴል በደምሽ ውስጥ ይዞራል። ሁለት ቀን ይበቃኛል።»

እነዚያ ሁለት ቀናት ለሉባባ ከአሥራ አራቱ ሁሉ ረዘሙባት። በሩ ቢጫ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ በየስድስት ሰዓቱ መልእክት ይመጣል፤ «የመርፌ ቀጠሮዎ ደርሷል፤ ያረጋግጡ» ይላል። አታረጋግጥም። ጥቅምት ሃያ ሦስት ከሰዓት በኋላ የጠፋ ዕቃ መስኮት ላይ እያለች ስልኳ ጮኸ። አንድ መንገደኛ ስለ ሻንጣው እየነገራት ነበር፤ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው።

«ሞኤሲን ናት!» አሉ ዶክተር እንግዳወርቅ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ማን ናት?»

«እህቷ ናት። ሦስት እህትማማች ናቸው፤ ኤዝሪን፣ ራዲክሲን፣ ሞኤሲን። ሦስቱም ያንኑ ሥራ ያውቃሉ፤ ቦታቸው ነው የሚለያየው። አንጀት የኤዝሪን ቦታ ነው ይባል ነበር፤ መቀነቱም የሚቆጥረው እሷን ብቻ ነው። ያንቺ ልጅ አንጀት ውስጥ ግን ሞኤሲን ገብታ ቦታውን ይዛለች። በዓሣ አይቼው አውቃለሁ፤ በሰው ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው። በእሷ ላይ መርፌው ቢጨመር ኖሮ…» አልጨረሱትም። «አብሽሪ። ሃያ አምስት ቀን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ እኔ እመጣለሁ።»

ሉባባ ስልኩን ዘጋች። መንገደኛው አሁንም እጇን እያየ ቆሟል። «ሻንጣው ምን ዓይነት ነበር ያሉኝ?» ብላ ጠየቀችውና መልሱን ሳትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ሰውየው ደንግጦ፣ «ኧረ ግድ የለም፣ አሮጌ ሻንጣ ነው» አላት።

ጥቅምት ሃያ አምስት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በሉባባ መርፌ ላይ የሚወስን የሦስት ሰው ቦርድ ተቀመጠ። አንደኛው አባል ሥርዓቱ ቢጫ ማለቱን ደጋግሞ አስታወሰ። ሁለተኛዋ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦ እንደማያውቅ ተናገረች። ዶክተር እንግዳወርቅ አልተከራከሩም። ምስሉን ግድግዳው ላይ ከፍተው ፈቀቅ አሉ። ሰብሳቢው አቶ በድሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀርበው አዩት።

«የትኛው ነው አንጀቱ?» አሉ።

አሳዩአቸው። አቶ በድሩ ብዙ ቆዩ።

«እዚህ ወንበር ላይ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «የአንድ ፅንስ አንጀት አይቼ አላውቅም።»

መርፌው ተሰረዘ። ሉባባ የሚመጣውን በኃላፊነት እንደምትቀበል ፈረመች፤ ሞኤሲን እስከ መጨረሻው ትያዝ አትያዝ ማንም ሊያረጋግጥላት አልቻለም። አቶ በድሩ በዚያው ሳምንት በከተማው ያሉ የሠላሳ አንድ ቢጫ እናቶች ምስል እንዲከፈት አዘዙ። ሐይቅ ድረስ እየተላከ ታየ። ሃያ ሁለቱ በእርግጥ መርፌው ያስፈልጋቸው ነበርና ተወጉ። ዘጠኙ አላስፈለጋቸውም።

ቀሪዎቹን ወራት ሉባባ በቢጫ በር ውስጥ ኖረች፤ መቀነቱ ሞኤሲንን መቁጠር አያውቅምና ቀለሙ አልተለወጠም። የአሥረኛ ፎቅ ሴትዮ ግን ታኅሣሥ ላይ አንኳኩ። አንድ ሰሐን ገንፎ ይዘው ነበር። «ልጄ ዓይኔ ደክሟል፣ የበሩ ቀለም አይታየኝም» አሉና ገቡ። ውሸታቸውን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ቀን ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ሲስተር ዘቢደር ጠቅልለው ሲሰጧት ሉባባ ፊቷን ሳይሆን ሆዷን ነው መጀመሪያ ያየችው። ረውዳ አሏት።

ፈተናው ግን የሚጀምረው ያኔ ነበር። በማህፀን ውስጥ እናት ትመግባለች፤ አንጀት ሥራ የሚገባው ሲወለዱ ነው። ረውዳ በደንብ ጠባች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሆነች። ሲስተር ዘቢደር ማንኛውም ሕፃን መጀመሪያ እንደሚቀንስ ነገሯቸው። እውነት ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለቱም እንቅልፍ አላገኙም። አወል ሚዛን ገዝቶ መጣ። ልጅቱ ከመጥባቷ በፊትና በኋላ እየመዘነ ግራፍ ሠራ፤ ሉባባ ግራፉን ማየት ስላልቻለች ወረቀቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ዶክተር እንግዳወርቅ በየጠዋቱ ይደውሉ ነበር። ስለ ክብደቷ አይጠይቁም።

«ካካ አለች?» ይላሉ።

«አዎ፣ ትንሽ።»

«ወተቱ እንደገባ ነው የወጣው ወይስ ተፈጭቷል?»

ሉባባ ጨርቁን ወደ ብርሃን ወስዳ ታያለች። ልሙጥ አንጀት ያለው ሕፃን የጠባውን እንዳለ እንደሚያወጣው ነግረዋት ነበር። «እንጃ» ትላለች፤ በእርግጥም አታውቅም። ለመለየት ገና ትንሽ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ አወል ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ጫማውን አጥልቆ ነበር። የወሊድ ፈቃዱ አልቋል። ረውዳን ሊሰናበት አንሥቶ ደረቱ ላይ አስደገፋት። ረውዳ ፊቷ ቀላ፣ አጉረመረመች፣ ካካዋ ጨርቁን አልፎ ሸሚዙን ከደረቱ እስከ ቀበቶው አለበሰው።

አወል እንደ ሐውልት ቆመ። ሉባባ ሮጣ መጣችና አየች። ስልኩ በዚያው ሰዓት ጮኸ፤ በአንድ እጇ አነሣችው።

«ካካ አለች?» አሉ ዶክተር እንግዳወርቅ።

«ብላለች» አለች ሉባባ።

«ወተቱስ?»

ሉባባ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካች። ወተት የሚባል ነገር የለበትም። ወፍራም ነው፣ ይሸታል፣ ተፈጭቶ ያለቀለት ነው። አወልን አየችው። እሱም እያያት ነበር፤ ልጅቱን ከራሱ አርቆ በሁለት እጁ እንደያዘ።

«ተፈጭቷል» አለች። «ዶክተር፣ ተፈጭቷል! አወል ሸሚዝ ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም!»

በስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ። ዶክተር እንግዳወርቅ ብቻቸውን፣ ዓሣዎቻቸው መካከል ቆመው፣ ረጅም እልልታ አቀለጡ። አወል መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ደረቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሲንቀጠቀጥ ሸሚዙ ላይ ያለው ወደ ሱሪው ወረደ፣ ያንን አይታ ሉባባ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጎኗን ይዛ ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጧት ሦስት ኪሎ ከሃያ ግራም ነበረች።

አወል በዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሚጀምረው ክፍል አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ሸሚዙን በፎጣ ጠርጎት ነበር እንጂ አልቀየረውም፤ መቀየር ረስቶታል። ተማሪዎቹ ተያዩ።

«መምህር» አለች ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ሸፍና፣ «ሸሚዝዎ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

«አውቃለሁ» አላት አወል፤ ፊቱ እንደ በራ ወደ ሰሌዳው ዞረ።